የቁልቁለት ብስክሌት በማን ልክ ይመረጣል? ከአትላባራ ሜዳ እስከ እንጦጦ ተዳፋት

ብስክሌት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ አትላባራ በሚባለው ሰፈር ለሚኖር ኢትዮጵያዊም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ጁባ ከምትጠቀምበት ሸቀጥ አብዛኛው ከኡጋንዳ ተነሥቶ በኒሙሌ ድንበር በኩል በጭነት መኪና የሚገባ ነው። በዚህ መንገድ ከሚመጡ ያገለገሉ ብስክሌቶች መካከል አንድ ለየት ያለ ሊገኝ ይችላል፦ የፊት ሹካው እንደ ሞተር ብስክሌት ከላይና ከታች በሁለት ማሰሪያ የተያዘ፣ ጎማው ወፍራም፣ መሪው ሰፊ፣ ኮርቻው ዝቅ ያለ፣ በመሃሉም ጠምዛዛ የብረት ሞላ የታጠቀ።

ባለሙያዎች 'ዳውንሂል' የሚሉት ይህ ብስክሌት የተሠራው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ድንጋይና ሥር በበዛበት ገደላማ መንገድ በፍጥነት ለመውረድ። አዲሱ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ በመሆኑ፣ ያገለገለው በርካሽ ሲገኝ ልብን ያማልላል። ይሁን እንጂ ያ ብስክሌት ከመሸጡ በፊት በአንድ ሰው ቁመትና ክብደት ተለክቶ የተስተካከለ ነው። ያ ሰው ከገዢው በ15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በ30 ኪሎ የሚከብድ ከነበረ ገዢው ገንዘቡን የከፈለው ለሌላ ሰው ጫማ ነው። ልዩነቱ፣ ልክ ያልሆነ ጫማ እግር ይልጣል፤ ልክ ያልሆነ የቁልቁለት ብስክሌት ግን በሰዓት 40 እና 50 ኪሎ ሜትር እየበረረ ባለቤቱን ከመሪው በላይ አሽቀንጥሮ ሊጥል ይችላል።

ቁልቁለቱ የት አለ?

ከልክና ከሞላ በፊት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ብስክሌቱ የሚወርደው ከየት ነው?

ጁባ ከባሕር ጠለል በላይ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በነጭ ዓባይ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። ወንዙ በዚያ አካባቢ የሚጠራበት 'ባሕር አል ጀበል' የሚለው የዓረብኛ ስም ተራራን ቢያነሣም፣ ከተማዋ ራሷ ሜዳ ናት። በስተምዕራብ በኩል የሚታየው ድንጋያማው ጀበል ኩጁር ለእግረኛ አድካሚ መሆኑ ባይካድም፣ ለዚህ ዓይነቱ ብስክሌት ግን ገና ሳይጀመር የሚያልቅ ቁልቁለት ነው። የአገሪቱ ትልቁ ተራራ ኪንየቲ 3,187 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም፣ የሚገኘው ከጁባ ርቆ፣ በኡጋንዳ ድንበር አቅራቢያ በተዘረጋው የኢማቶንግ ሰንሰለት ውስጥ ነው። አትላባራ የሚለው ቃል በዓረብኛ 'ወደ ውጭ ውጣ' እንደማለት ነው፤ የቁልቁለት ብስክሌት ለገዛ የሰፈሩ ነዋሪም ምክሩ በእርግጥ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ነገር ናት። መስቀል አደባባይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የእንጦጦ ጫፍ እስከ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ከላይ እስከ ታች ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት በአንድ ከተማ ውስጥ ማግኘት በዓለም ላይ ብዙ ከተሞች የማይታደሉት ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በጥቅምት 2020 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ ሳይሆን ለብስክሌተኛም በሩን ከፍቷል። ከፓርኩ ውጭ ያሉት የባሕር ዛፍ ውስጥ መንገዶች ግን ከብስክሌተኛው በፊት ባለቤት እንዳላቸው መዘንጋት የለበትም። ጭነታቸውን በጀርባቸው ያዘሉ እንጨት ለቃሚ ሴቶችና አህዮች በእነዚያ መንገዶች ለዘመናት ሲመላለሱ ኖረዋል። ከመታጠፊያው ጀርባ ማን እንዳለ የማያይ ወራጅ ፍሬኑን ቀድሞ መያዝ ግዴታው ነው።

ኢትዮጵያ በብስክሌት የምትታወቀው በአስፋልት ነው። ጸጋቡ ግርማይ እንደ አውሮፓውያኑ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የመጣበትም ወግ የጎዳና ውድድር ነው። በዚህ የተነሣ በአገር ቤትም ሆነ በጁባ ስለ ልክ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከጎዳና ብስክሌት የተወሰደ ነው፤ ያ ምክር ደግሞ ለቁልቁለት ብስክሌት ሲተረጎም ብዙውን ጊዜ ይስታል።

የቁልቁለት ብስክሌት የፊትም የኋላም ጎማ ወደ ላይ የሚጨመቅበት ርቀት ወደ 200 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ከ15 ኪሎ የሚጀምር ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያልፋል። ኮርቻው ለመቀመጥ አልተሠራም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እግር ሙሉ በሙሉ ስለማይዘረጋ ከአትላባራ እስከ ገበያ ተቀምጦ መርገጥ ጉልበት የሚፈትን ሥቃይ ነው። በአልፕስ ተራሮች ብስክሌተኞችን ወደ ላይ የሚያወጣቸው በሽቦ የሚጎተት የወንበር ማመላለሻ ነው። እንጦጦ ላይ ይህ የለም፤ ወይ ብስክሌቱን በፒክአፕ ማስጫን፣ ወይ እየገፉ መውጣት ግድ ይላል።

ስለዚህ በጁባ ቀይ አፈርና ጉድጓዳማ መንገድ ለሚመላለስ ሰው፣ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ የፊት ሹካ ብቻ ያለውና ከኋላው ድርቅ ያለ የተራራ ብስክሌት ከበቂ በላይ ነው። ወደ አገር ቤት ሲመለስ እንጦጦን በራሱ ጉልበት ወጥቶ ለመውረድ የሚያስብ ደግሞ ከ140 እስከ 160 ሚሊ ሜትር የሚጨመቀውን ቢመርጥ ይሻለዋል። 200 ሚሊ ሜትሩ የሚያስፈልገው በመኪና ወደ ላይ ለሚጫንና ገደላማውንና ድንጋያማውን መንገድ ፈልጎ ለሚወርድ ብቻ ነው። ይህንን ሁሉ ሰምቶ 'እኔ ያ ሰው ነኝ' ለሚለው፣ የሚቀጥለው ጉዳይ ልክ ነው።

በቆመ ሰው እንጂ በተቀመጠ ሰው አይለካም

የጎዳና ብስክሌት ልክ የሚጀምረው ከእግር ርዝመት ነው፤ ኮርቻው ስንት ከፍ ይላል የሚለው ጥያቄ ሌላውን ሁሉ ይወስናል። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ግን አይቀመጥም። በሁለቱ ፔዳሎች ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱንና ክርኑን አጥፎ፣ ደረቱን ወደ መሪው ዝቅ አድርጎ ይወርዳል። ስለዚህ ዋናው ቁጥር የኮርቻው ከፍታ አይደለም። ዋናው፣ ከፔዳሎቹ እምብርት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣ መስመር ተነሥቶ መሪው እስከሚገባበት ቱቦ አናት ድረስ ያለው የአግድም ርቀት ነው። አምራቾች 'ሪች' ይሉታል።

በዘመናዊ የቁልቁለት ብስክሌቶች መካከለኛ በሚባለው ልክ ይህ ርቀት ከ430 እስከ 455 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ትልቅ በሚባለው ደግሞ ከ455 እስከ 480 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ ከ165 እስከ 177 ሳንቲ ሜትር ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመካከለኛው፣ ከዚያ የሚረዝመው በትልቁ ይመቸዋል። ነገር ግን አንዱ አምራች 'መካከለኛ' ያለውን ሌላው 'ትልቅ' ሊለው ስለሚችል፣ በፍሬሙ ላይ ከተለጠፈው ፊደል ይልቅ ቁጥሩን ማመን ይበጃል።

ያገለገለ ብስክሌት ላይ ምልክቱ ተፍቆ ጠፍቶ ከሆነ ልኩን ለማወቅ የግንበኛ ቱንቢና ሜትር ይበቃሉ። ብስክሌቱ በደልዳላ ወለል ላይ፣ ማንም ሳይጫነው፣ የኋላ ጎማው ግድግዳ ነክቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በመጀመሪያ ከግድግዳው እስከ ፔዳሎቹ እምብርት ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ቱንቢው ከመሪው ቱቦ አናት መሃል ወደ መሬት ይለቀቅና ከግድግዳው እስከ ክሩ ያለው ርቀት ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የተፈለገው ቁጥር ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩ 'ለአንተ ልክ ነው' ከሚለው ቃልም ይልቅ የታመነ ነው።

በሁለት ልኮች መካከል የወደቀ ሰውስ? ረጅሙ ብስክሌት በፍጥነት ሲወርድ አይናወጥም፤ ቀጥ ያለውንና የተፈለፈለውን መንገድ ይወድዳል። አጭሩ በጠባብ መታጠፊያ ይታዘዛል፤ የፊቱን ጎማ ከመሬት ማንሣትም ቀላል ነው። ፍጥነት ገና ያልለመደ ሰው ለጠባቡ የእንጦጦ የእግር መንገድ አጭሩን ቢመርጥ ብዙ አይሳሳትም። እጅግ የረዘመ ብስክሌት የፊት ጎማውን ክብደት አልባ ያደርገዋል፤ ክብደት የሌለው ጎማ ደግሞ በላላ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። እጅግ ያጠረው ገደሉ ሲበረታ ሰውን ወደፊት ይገለብጣል። ከሁለቱ አደጋዎች የኋለኛው ይከፋል።

ረጅም ሰው ትልቅ ብስክሌት ይፈልጋል የሚለው ነገር ዛሬ ግልጽ ቢመስልም፣ ስፖርቱ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። በዘርፉ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ሚናር ቁመቱ 190 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በወጣትነቱ ዘመን የነበሩት ፍሬሞች ለእንዲህ ዓይነት ሰው አጫጭር ነበሩ፤ የጎማው ልክም 26 ኢንች ብቻ ነበር። 29 ኢንች ጎማ በዓለም ዋንጫ የቁልቁለት ውድድሮች በሰፊው መታየት የጀመረው እንደ አውሮፓውያኑ በ2017 ሲሆን፣ ሚናር በዚያው ዓመት በስኮትላንድ ፎርት ዊልያም በዚህ ጎማ አሸንፏል። በ2021 ደግሞ በ39 ዓመቱ አራተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ወስዷል። በመካከሉ፣ በ2019፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከፊት ትልቅ ከኋላ አነስ ያለ ጎማ መጠቀምን ፈቀደ። ፈረንሳዊው ሎይክ ብሩኒ በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ዓይነት ብስክሌት ነው።

ለአጭር ሰው ይህ ቅንጅት ተጨማሪ ጥቅም አለው። ገደሉ ሲበረታ ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳልና ትልቅ የኋላ ጎማ መቀመጫን ይነካል፤ 27.5 ኢንች የሆነው ግን ጥቂት ቦታ ይሰጣል። መሪውን በተመለከተ፣ አዲስ ሲሆን እስከ 800 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው ትከሻው ጠበብ ያለ ሰው ከሁለቱም ጫፍ ሊያስቆርጠው ይችላል። በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ማስቆረጥ አይመከርም፤ የተቆረጠ መሪ አይቀጠልም።

ሞላ ወይስ አየር?

የዚህ ስፖርት መነሻ ከሚባሉት ውድድሮች አንዱ እንደ አውሮፓውያኑ በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ፣ ፌርፋክስ ከተማ አቅራቢያ የተጀመረው 'ሪፓክ' ነው። ተወዳዳሪዎቹ አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ይዘው ከሦስት ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ መንገድ ወደ 400 ሜትር ይወርዱ ነበር። የንዝረት መምጠጫ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የኋላ ፍሬናቸው በፔዳል የሚያዝ በመሆኑ ከሙቀቱ የተነሣ ግራሱ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላም እንደገና በግራሶ መሞላት ነበረበት። የውድድሩ ስም፣ 'እንደገና መሙላት' ማለት፣ የመጣው ከዚያ ነው። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው የተራራ ብስክሌት የፊት ንዝረት መምጠጫ፣ የሮክሾክስ ሹካ፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ሲሆን የሚጨመቀው ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። የዛሬው ከዚያ በአራት እጥፍ ይበልጣል።

ዛሬ ገዢውን የሚገጥመው ምርጫ የብረት ሞላ ወይም በአየር የሚሠራ መምጠጫ ነው። በጁባ ይህ ምርጫ በአውሮፓ ከሚኖረው የተለየ ክብደት አለው።

የብረት ሞላ ጠንካራ ነው። አቧራና ሙቀት ብዙም አይበግሩትም፤ ከመጀመሪያው ንክኪ ጀምሮ በለስላሳው ይሠራል፤ ማንም የአየሩን መጠን ካልተቆጣጠረው ብሎ አያስቸግርም። ነገር ግን ለአንድ የክብደት ክልል ብቻ የተሠራ ነው። በሞላው ላይ እንደ '500' እና '3.0' ያሉ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሞላውን አንድ ኢንች ለመጨመቅ ስንት ፓውንድ ኃይል እንደሚያስፈልግ፣ ሁለተኛው ሞላው ስንት ኢንች እንደሚጨመቅ ይናገራል። የመጀመሪያው ቁጥር የቀድሞውን ባለቤት ክብደት በተዘዋዋሪ ይመሰክራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ያ 500 ቁጥር ሞላ ትጥቁን ጨምሮ 95 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ልክ ነበር እንበል። ሞላ የሚጨመቀው በተጫነው ክብደት መጠን በመሆኑ 65 ኪሎ የሚመዝን ገዢ ሲቆምበት ሊጨመቅ ከሚገባው የሚደርሰው ወደ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። ብስክሌቱ ድንጋዩን አይውጥለትም፤ እንደ ደረቅ ጋሪ ያንገጫግጨዋል፤ የኋላ ጎማውም ከመሬት እየተነሣ ፍሬኑ መያዣ ያጣል። ለእርሱ የሚስማማው ሞላ 350 አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ ያንን ሞላ ጁባ ውስጥ ሄዶ መግዛት ቀላል አይሆንም። ከውጭ ማስመጣት ካስፈለገ ደግሞ የመላኪያው ወጪ የብስክሌቱን ርካሽነት ይበላዋል።

በአየር የሚሠራው ይህን ችግር በአንድ እጅ ፓምፕ ይፈታዋል። 65 ኪሎም ሆነ 95 ኪሎ፣ አየሩን መጨመር ወይም መቀነስ ነው። በሌላ በኩል አየሩን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች አቧራ ይጠላሉ፤ ሲያረጁም መለወጥ አለባቸው። እነዚህ ቀለበቶች ግን በፖስታ የሚላኩ ቀላል ዕቃዎች ናቸው፤ ሞላ ግን ብረት ነው። መለዋወጫ ከሩቅ በሚመጣበት ከተማ ለሚኖር ሰው ሚዛኑ ወደ አየሩ ያደላል። የሞላ ብስክሌት መግዛት የሚያዋጣው የሞላው ቁጥር ከገዢው ክብደት ጋር በዕድል ሲገጥም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። መምጠጫውን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አምጥቶ መሙላት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። በውስጡ ያለው የአየር ክፍል ከአንድ ጎማ አንጻር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ በቅጽበት ከልክ በላይ ሊሞላው ይችላል፤ ቱቦው ሲነቀል የሚያመልጠው ጥቂት አየርም ልኩን ያዛባል። ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ መለኪያ የተገጠመለት ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ብስክሌቱ ሲገዛ አብሮ መጠየቅ ያለበት ዕቃ ነው።

ዝቅታውን መለካት

ሞላም ሆነ አየር፣ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ብስክሌተኛው ሲቆምበት መምጠጫው ስንት ዝቅ እንደሚል በመለካት ነው። በእንግሊዝኛ 'ሳግ' ይባላል፤ በአማርኛ ቃሉ ሌላ ትርጉም ስላለው ዝቅታ ማለት ይቀላል። ይህ ዝቅታ ስሕተት አይደለም። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል የሚያስችለው እርሱ ነው።

ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ብስክሌቱን ከፊት ይይዛል። ሌላው የራስ ቁሩን፣ የጉልበት መከላከያውንና የሚይዘውን ውሃ ሁሉ ታጥቆ በፔዳሎቹ ላይ ይቆማል፤ አይቀመጥም። በመምጠጫው ዘንግ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ተገፍታ ከማኅተሙ ጋር ትገናኛለች፤ ቀለበት ከሌለ ቀጭን ክር ይታሰራል። ብስክሌተኛው ሳይዘል በቀስታ ሲወርድ ቀለበቷ የሄደችው ርቀት ይለካል።

ከፊት፣ 200 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ሹካ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል መልካም ነው። ከኋላ፣ ጎማው 200 ሚሊ ሜትር ቢጓዝም መምጠጫው ራሱ የሚጨመቀው በጣም ያነሰ ነው፤ 75 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ከዚህም ከ30 እስከ 35 በመቶ፣ ማለትም ከ22 እስከ 26 ሚሊ ሜትር፣ ይፈለጋል። በሞላው ላይ ያለውን ማጥበቂያ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ማጥበቅ ይቻላል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ካስፈለገ ሞላው የዚያ ሰው አይደለም።

ከዝቅታው ቀጥሎ የሚመጣው መምጠጫው ከተጨመቀ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ነው፤ በአብዛኞቹ ብስክሌቶች በቀይ ቁልፍ ይስተካከላል። ጀማሪዎች ከሁሉም ይልቅ ችላ የሚሉት ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚጥለውም ይኸው ነው። በጣም ከፈጠነ ብስክሌቱ እንደ በቅሎ ከኋላ ይራገጣል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛው ሳይመለስ ሦስተኛውን ያገኛል፤ እየተጨመቀ ሄዶ ሄዶ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ከባድ ሰው የሚጠቀምበት ጠንካራ ሞላ በኃይል ስለሚመለስ ቁልፉ ወደ ዘገምተኛው ጠብቆ የኖረ ነው። ቀላል ሰው ሞላውን ለውጦ ቁልፉን ግን እንደነበረ ከተወው ሁለተኛው ችግር ይገጥመዋል። ከመሃል መጀመር፣ ከዚያም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በቀስታ መውረድ በቂ ሙከራ ነው፦ ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ጸጥ ካለ ጥሩ ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተንሳፈፈ ፈጥኗል።

የአዲስ አበባ አየር በጁባ

በአዲስ አበባ ብርድ የተስተካከለ ብስክሌት ወደ ጁባ ሙቀት ሲወርድ ምን ይሆናል? በጎንደርም ሆነ በጅማ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ትርፍ ይመስለው ይሆናል፤ ከአገር አገር ለሚመላለስ ሰው ግን ተጨባጭ ነው።

የአየር መለኪያ የሚያሳየው በውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው የሚበልጥበትን ነው። የውጭው ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 11 ፒኤስአይ፣ በጁባ ወደ 14 ፒኤስአይ የሚጠጋ ነው። ስለዚህ ወደ ጁባ መውረዱ ብቻውን መለኪያውን በ3 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሰዋል። ሙቀቱ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል፤ ከ20 ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ የታመቀው አየር ግፊት ወደ 6 በመቶ ያድጋል። በጎማ ላይ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ በአዲስ አበባ 25 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ በጁባ ቀትርም 24 አካባቢ ይሆናል። በመምጠጫው ላይ ግን ሙቀቱ ያሸንፋል፤ 150 የነበረው ወደ 157 ይጠጋል። ቀላል ሰው ይህን በእጁ ይሰማዋል። ከዚህም ሌላ በመምጠጫው ውስጥ ያለው ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የመመለሱም ፍጥነት በጥቂቱ ይጨምራል። ስለዚህ ዝቅታው የሚለካው ብስክሌቱ በሚነዳበት ከተማና ሰዓት ነው።

የጎማን አየር እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው የ2013ቱን የዓለም ሻምፒዮና ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። በደቡብ አፍሪካዋ ፒተርማሪትዝበርግ በተካሄደው ውድድር፣ በዚያች ከተማ የተወለደው ሚናር መጨረሻው ሲቃረብ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ያም ሆኖ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ። ጎማው ከሁለት መቶ ሜትር በፊት ቢተነፍስ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ጎማው በጣም ከለሰለሰ ድንጋይ ቸርኬውን ይመታዋል፤ በጣም ከደረቀም መሬቱን አይዝም። ለቁልቁለት ጎማ ከ22 እስከ 30 ፒኤስአይ ባለው ክልል ውስጥ እንደ ክብደቱ መፈለግ ይሻላል።

ከመክፈል በፊት

ያገለገለውን ሲመርጡ የሚታየው ነገር ብዙ አይደለም። የሹካው ዘንግ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ማኅተሙን ይቆርጠዋል፤ ዘይቱም ይፈስሳል። ከመሪው ቱቦ ስርና ከፔዳሎቹ እምብርት ዙሪያ ያለው ቀለም በፀጉር መስመር የተሰነጠቀ መስሎ ከታየ፣ ቀለሙ ብቻ ይሁን ብረቱ ሳይጣራ አለመግዛት ነው። የካርቦን ፍሬም ከሆነ ጥርጣሬው እጥፍ ይሁን። የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደፊትና ወደኋላ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ነገር ካለ የመሪው ኩሽኔታ ወይም ሹካው ራሱ አርጅቷል።

ከተገዛ በኋላ ደግሞ የጁባ ቀይ አቧራ አለ። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዘንጎቹን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ በኃይለኛ ውሃ ማሳጠብ ግን ጭቃውን ከማኅተሙ ውስጥ ይከተዋል፤ ባልዲና ስፖንጅ ይበልጣሉ። አምራቾች የሹካውን የታችኛ ክፍል ዘይት እንደየዓይነቱ ከ50 እስከ 125 ሰዓት ጉዞ በኋላ እንዲለወጥ ያዛሉ። ይህ ቁጥር የተወሰነው አቧራ ባልበዛበት አገር ስለሆነ በደረቁ ወራት ቀደም ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ለውጥ የወጣው ዘይት እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ከታየ ማኅተሙም አብሮ መለወጥ አለበት።